የሞተሩ ኪሎዋት አዲስ አበባ ላይ ያው አይደለም

ለትልቅ የአየር ኮምፕረሰር ሞተር ወይም ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ፍለጋ ሶማሌ ተራ የምትወርዱ ካላችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ኔምፕሌቱን (ዕቃው ላይ የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳ) አንብቡ። እዚያ የተጻፈው ኪሎዋት ሌላ ነገር ካልተጠቀሰ በስተቀር ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚሠራ ነው። እኛ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ እየዞረም ሙቀቱን በደንብ አያወጣውም። የከተማው ብርድ ሞተሩን ትንሽ ይክሰዋል፤ ግን ብርድ ያለበት የኮምፕረሰር ክፍል እስኪ አሳዩኝ!

ለኢንቨርተር ብዙ አምራቾች ከ1000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ቀንሱ ይላሉ። ስለዚህ 110 ኪሎዋት የሚለው ኢንቨርተር እዚህ 95 ኪሎዋት ገደማ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ።

ሌላው፣ «ለፋንና ለፓምፕ» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ኢንቨርተር ለስክሩም ለፒስተንም ኮምፕረሰር አይሆንም። የኮምፕረሰር ቶርክ (ለማዞር የሚፈልገው ጉልበት) እንደ ፋን ፍጥነቱ ሲቀንስ አብሮ አይቀንስም። ከተጻፈለት ከረንት 150 በመቶውን ለ1 ደቂቃ የሚሸከመውን ጠይቁ።

ኮምፕረሰሩ ቀኑን ሙሉ፣ በሙሉ ጭነት የሚሠራ ከሆነማ ፍጥነት መቀያየር አያስፈልገውም፤ ኢንቨርተሩ ደግሞ ራሱ ኃይል ይበላል። ሶፍት ስታርተር (ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳው) ይበቃችኋል።