የሞዴል ባቡር ፉርጎን ከውስጥ ማብራት

በአዳማ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያደገ ሰው ማታ የሚያልፍ ፉርጎ መስኮቶቹ በርተው ሲታዩ ምን ያህል ደስ እንደሚሉ ያውቃል። በዲጂታል ቁጥጥር የሚሠራ ሞዴል ባቡር ቆሞም ቢሆን ሐዲዱ ላይ 15 ቮልት ገደማ፣ አቅጣጫው በፍጥነት የሚቀያየር ኤሌክትሪክ ስለሚኖር፣ ከመንኮራኩሮቹ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች በቅድሚያ ከብሪጅ ሬክቲፋየር (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ ከሚያደርግ ክፍል) ጋር ያገናኙ። ቀጥሎ 3 ነጭ ኤልኢዲዎችን (ትናንሽ መብራቶችን) በተከታታይ ከ1,000 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት ከሚገድብ ክፍል) ጋር ያያይዙ፤ የሚያልፈው 5 ሚሊአምፔር ያህል ለአንድ ፉርጎ በቂ ነው።

ዋናው ፈተና መርገብገብ ነው። የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ሐዲዱ ላይ ሲያርፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም ስለሚል፣ ከሬክቲፋየሩ በኋላ 470 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ክፍል) ይጨምሩ፤ ነጭ መስመር ያለበት ጎኑ የግድ ከኔጌቲቩ ጋር ይያያዝ፣ ተገልብጦ ከተገናኘ ሊፈነዳ ይችላል። ከካፓሲተሩ ፊት 100 ኦም ሬዚስተር ካልገባ ግን የብዙ ፉርጎዎች ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ሲሞሉ የባቡሩ መቆጣጠሪያ ሾርት የተፈጠረ መስሎት ኃይሉን ያቋርጣል።