አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት ሪፖርቱን ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጓደኛዬ ስለ አንድ ድርጅት አክሲዮን ደወለና «ዘንድሮ 28 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፍለዋል፣ አሁን ካልገባህ ያመልጥሃል» አለኝ። ገባሁ። የድርጅቱ ዓመታዊ ሪፖርት እጄ ላይ ነበር። ያነበብኩት ግን የቦርድ ሰብሳቢውን መልእክት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት ክፍያው በግማሽ ወረደ። በሦስተኛው ጭራሽ ቀረ። ያን ጊዜ ተመልሼ የድሮውን ሪፖርት ከፈትኩት፤ ችግሩ ከመጀመሪያውም እዚያው ተጽፎ ነበር፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ በትንንሽ ፊደል።

አሁን ብዙ ሰው እንደኔ ሊገባ የሚችልበት ጊዜ ነው። ጥቅምት 2017 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌብር ይገዛ ነበር ማለት ነው። በጥር ደግሞ አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፣ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። መግዛቱ ቀሏል። ማንበቡ ግን አሁንም ቁጭ ብሎ ሁለት ሦስት ማታ ይፈልጋል፣ እኔም እንዴት እንደማነብ ልንገራችሁ።

ምን ትይዛላችሁ

የአምስት ዓመት ሪፖርት ሰብስቡ። አንድ ዓመት ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ባንኮችና ኢንሹራንሶች አብዛኛውን ጊዜ ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል፣ የሌሎቹን ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለሕዝብ የቀረበ አዲስ አክሲዮን ከሆነ ደግሞ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያጸደቀው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ስለ ድርጅቱና ስለሚሸጠው አክሲዮን ለገዢዎች የሚዘጋጅ ሰነድ) ሊኖረው ይገባል። አሳዩኝ በሉ። ከሌለ እዚያው አቁሙ፣ ሻጩ አጎታችሁም ቢሆን።

ቀኑንም ልብ በሉ። አብዛኛው ድርጅት ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ኦዲቱ አልቆ ጠቅላላ ጉባኤው የሚደረገው ብዙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ አክሲዮን ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው የሚያሳያችሁ ቁጥር ወደ አሥር ወር የሚጠጋ ዕድሜ አለው። በእነዚህ አሥር ወራት ምን እንደተለወጠ ጠይቁት።

ሪፖርቱን ስትከፍቱ የሰብሳቢውን መልእክትና የምረቃ ፎቶዎቹን እለፏቸው። መጀመሪያ የውጭ ኦዲተሩን ደብዳቤ ፈልጉ። «ነቀፌታ የሌለበት» የሚል አስተያየት ከሆነ ቀጥሉ። «ከሚከተለው በስተቀር» የሚል ነገር ካለ ግን ከዚያ በኋላ ያለችውን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አንብቡ። ኦዲተር እንዲህ ብሎ የሚጽፈው ከድርጅቱ ጋር ተከራክሮ ሳይስማማ ሲቀር ወይም በቂ ማስረጃ ሲያጣ ነው። ድርጅቱ በሥራው መቀጠል መቻሉን በተመለከተ የተጻፈ ማሳሰቢያ ካለ ደግሞ እኔ ብሆን ሪፖርቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ገንዘቡ የት ነው ያለው?

ይህ የኔ ጥፋት የነበረበት ቦታ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለማቅለል አጠጋግቻቸዋለሁ።

ድርጅቱ 80 ሚሊዮን ብር አተረፍኩ ይላል። ጥሩ። ወደ ሀብትና ዕዳ መግለጫው ስትሄዱ ግን ተሰብሳቢ ሒሳብ የሚል መስመር አለ፣ ማለትም ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ ገና ያልተከፈለበት። አምና 120 ሚሊዮን ነበር፣ ዘንድሮ 210 ሚሊዮን ሆኗል። በ90 ሚሊዮን ጨምሯል። ትርፉ 80 ከሆነ፣ 90ው ደግሞ ሰው እጅ ላይ ከቀረ፣ ከሥራው የገባው ጥሬ ገንዘብ ከዜሮ በታች 10 ሚሊዮን ነው (የእርጅና ተቀናሽንና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችን ትቼ ነው)። ታዲያ ለባለአክሲዮኖች የተከፈለው 40 ሚሊዮን ከየት መጣ? ወደ ዕዳው ጎን ዞር በሉ። የባንክ ብድሩ በ50 ሚሊዮን አድጓል። 10 ለጉድለቱ፣ 40 ለእኛ። ጓደኛዬ ያን ያህል የተደሰተበት 28 በመቶ በብድር የተከፈለ ነበር።

ይህን ሒሳብ ለመሥራት አካውንታንት መሆን አያስፈልግም። የገንዘብ ፍሰት መግለጫ የሚባል ገጽ አለ፣ አንድ ገጽ ነው፤ «ከሥራ እንቅስቃሴ የተገኘ የተጣራ ገንዘብ» የሚለውን መስመር ፈልጉና ከተጣራው ትርፍ ጎን አስቀምጡት። አምስቱንም ዓመት። አንድ ዓመት ቢለያዩ ምክንያት ይኖረዋል። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ትርፉ እየጨመረ ገንዘቡ እየቀነሰ ከሄደ ግን አንድ ነገር አለ፤ ወይ ደንበኛ አይከፍልም፣ ወይ መጋዘን ውስጥ የማይሸጥ ዕቃ ተከምሯል፣ ወይ ትርፉ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው። ባንክ ላይ ግን ይህን አታድርጉ። የባንክ ሥራው ራሱ ገንዘብ መቀበልና ማበደር ስለሆነ ያ መስመር በተቀማጭና በብድር ምክንያት ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ባንክ የሚታይበት ሌላ መንገድ አለው።

ባንክ ከሆነ

ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል (ባለአክሲዮኖች ከፍለው ያስገቡትን ገንዘብ) ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ ለነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጣቸው። በዚህ ምክንያት ባንኮች ዓመት እስከ ዓመት አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ከርመዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው «ትርፋችን በ20 በመቶ አደገ» በሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ባንኩ አምና 600 ሚሊዮን አተረፈ፣ ዘንድሮ 720 ሚሊዮን። የተከፈለ ካፒታሉ ግን ከ2 ቢሊዮን ወደ 3 ቢሊዮን ሄዷል። አንዱ አክሲዮን 1,000 ብር ከሆነ 2 ሚሊዮን የነበረው አክሲዮን 3 ሚሊዮን ሆነ ማለት ነው። አምና ለአንድ አክሲዮን 300 ብር ይደርስ ነበር፣ ዘንድሮ 240 ብር። ባንኩ አደገ፣ የእናንተ ድርሻ ግን በአምስት አንድ እጅ ቀነሰ። (ሪፖርቱ ራሱ የሚያሰላው በዓመቱ አማካይ የአክሲዮን ብዛት ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ይለያል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው።) 240ውም ሙሉው ኪሳችሁ አይገባም። ባንክ ሕጋዊ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶ ማስቀመጥ አለበት። ስለዚህ ቢበዛ 180 ብር ነው፣ ከታክስ በፊት።

ቀጥሎ የተበላሸ ብድር፣ ማለትም ተበዳሪው በወቅቱ የማይከፍለው። ከጠቅላላው ብድር 5 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። መጠኑን ብቻ አትዩ፣ አካሄዱን ተከተሉ፤ ሁለት የነበረው ሦስት፣ ሦስት የነበረው አራት ተኩል እየሆነ ከመጣ ገና 5 ባይሞላም ከአሁኑ ጠይቁ። ብድሩ በየትኛው ዘርፍ እንደተከማቸ በማብራሪያዎቹ (ከሒሳብ መግለጫዎቹ በኋላ፣ ወደ ሪፖርቱ መጨረሻ በሚመጡት ባለ ቁጥር ዝርዝሮች) ውስጥ ሰንጠረዥ አለ። ግማሹ በግንባታና በአንድ ሌላ ዘርፍ ከሆነ ያ ዘርፍ ሲያስነጥሰው ባንኩም ይታመማል። እዚያው አካባቢ ለቦርድ አባላትና ከእነሱ ጋር ግንኙነት ላላቸው ሰዎች የተሰጠ ብድርም ተጽፎ ታገኛላችሁ። እኔ ይህን ገጽ ሳላይ የትም አልሄድም።

ትርፉ የራሳቸው ነው ወይ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በእጁ ዶላር ወይም የዶላር ሀብት የነበረው ድርጅት ምንም ሳይሠራ በብር ሲቆጠር ሀብታም ሆነ፤ በዶላር የተበደረው ደግሞ ምንም ሳያጠፋ ዕዳው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ስለዚህ የ2017ን ሪፖርት ስታነቡ «ከውጭ ምንዛሪ ለውጥ የተገኘ» የሚለውን ፈልጉና ከትርፉ ላይ ቀንሱት። የቀረው ነው በሚቀጥለው ዓመት ሊደገም የሚችለው።

የዋጋ ንረቱንም አትርሱ። በ2014 እና በ2015 ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሽያጬ 25 በመቶ አደገ ያለ ድርጅት በዕቃ ብዛት ሲለካ ወደ ኋላ ሳይሄድ አልቀረም። የሚያመርት ድርጅት ከሆነ ስንት ካርቶን፣ ስንት ቶን፣ ስንት ኩንታል ሸጣችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ብር ያታልላል።

ጥንካሬና ድክመት

ሪፖርቶች ላይ ጥንካሬ ተብሎ የሚጻፈው «ልምድ ያለው የሰው ኃይል» ነው። ሁሉም ይጽፈዋል፣ ስለዚህ አይጠቅማችሁም። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ይህ ነገር ነገ ቢጠፋ ገቢው ምን ያህል ይወርዳል?

የታሸገ ውኃ ፋብሪካ እንውሰድ። የራሱ ጉድጓድ አለው፣ ጥሩ ነው። ግን ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነው ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ፕሪፎርም የሚባለው፣ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይመጣል። ዶላር ለሦስት ወር ቢያጣ የምርት መስመሩ ይቆማል፣ ጉድጓዱ ቢሞላም። ከዚያ ደግሞ ሽያጩ በሁለት አከፋፋዮች እጅ ከሆነ አንዱ ሲኮርፍ ግማሽ ገቢ ሄደ። ባንክ ላይ ሲሆን ያው ጥያቄ ወደ ተቀማጩ ይዞራል። በጥቂት ትልልቅ አስቀማጮች ላይ የቆመ ባንክ አንድ ትልቅ ደንበኛ ገንዘቤን ላውጣ ባለ ቀን ይጨነቃል። በብዙ ሺህ ትንንሽ ደብተሮች ላይ የቆመው ግን ይረጋጋል።

እግራችሁንም ተጠቀሙ። ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ቁጭ በሉ። ሱቅ ገብታችሁ የትኛው ውኃ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የትኛው አከፋፋይ በዱቤ እንደሚያራግፍ ባለሱቁን ጠይቁት። ባለሱቁ ከሪፖርቱ ስድስት ወር ቀድሞ ያውቃል።

ስትራቴጂውን በድሮው ሪፖርት ፈትኑት

የዘንድሮውን ዕቅድ ለጊዜው ተዉትና የዛሬ አራት ዓመት የወጣውን ሪፖርት ክፈቱ። ምን ቃል ገብተው ነበር? «በሁለት ዓመት ሁለተኛው ፋብሪካ ሥራ ይጀምራል»? ጀመረ? ካልጀመረ በሚቀጥሉት ሪፖርቶች ምክንያቱን ጽፈዋል ወይስ ዝም ብለው ከገጹ ላይ አወጡት? ዘግይተው ምክንያቱን በግልጽ ያስረዱትን አምናቸዋለሁ። ዝም ያሉትን አላምንም።

ሁሉንም የመታ ነገርም አለ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ። ገደቡ ለሁሉም አንድ ነበር፣ የሰጡት ምላሽ ግን ይለያያል። ከወለድ ውጭ ያለው ገቢያቸውን አወዳድሩ። ገደቡ እስኪነሳ እጁን አጣጥፎ የጠበቀውና ሌላ ገቢ የፈለገው እዚያ ላይ ይለያሉ።

ባለአክሲዮን ከሆናችሁ በኋላ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተገኙ፣ ጥያቄያችሁንም ቁጥር አስይዙት። እኔ በሦስተኛው ዓመት ተነስቼ «ከተሰብሳቢው ሒሳብ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየው ስንት ነው? ስንት ደንበኛስ ላይ ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅሁ። መድረኩ ላይ ትንሽ ተንሾካሾኩ። የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን ገለባበጠና ከግማሽ በላይ መሆኑን፣ አብዛኛው ደግሞ አንድ አከፋፋይ ላይ እንዳለ ነገረን። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ዞር አሉና «ልጄ፣ ይኼን የት አገኘኸው?» አሉኝ። ሪፖርታቸውን ተቀብዬ ገጹን ከፍቼ አሳየኋቸው። ማብራሪያ ቁጥር 14።