የእጅ ጥልፍ ስትጀምሩ ሥራችሁን የሚያበላሹ ስህተቶች

ጥልፍ የጀመሩ ጓደኞቼ ሥራቸውን ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ የሚሉት «እጄ እምቢ አለኝ» ነው። እጅ ግን በልምድ ይፍታታል፣ እሱ አያሳስብም። አብዛኛውን ሥራ የሚያበላሸው ወይ መርፌው ጨርቁን ከመንካቱ በፊት ያልተደረገ ነገር ነው፣ ወይ ደግሞ ካለቀ በኋላ በችኮላ የተደረገ ነገር። ሁለቱም ችሎታ አይጠይቁም፤ ማወቅ ብቻ ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ጨርቁን ሳያጥቡ መጀመር

ከመርካቶ አዲስ አቡጀዲ ገዝታችሁ ስትመጡ ጨርቁ ደረቅ ይላል፣ ሲነኩትም ይንኮሻኮሻል። ፋብሪካው ማጠንከሪያ ስለሚቀባው ነው። ታጥቦ የማያውቅ ጥጥ ደግሞ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ጨርቁ ሲሰበሰብ የጠለፋችሁበት ክር እኩል አብሮት አይሰበሰብም፤ በዚህ የተነሳ ያ ስንት ማታ የተቀመጣችሁበት አበባ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ዙሪያው ተጨማዶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ካውያም አያስተካክለውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት፣ በሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ተኩሱት፣ ከዚያ ጀምሩ። መነንም ሆነ ሌላ ጥጥ ከሆነ እንደዚሁ።

በነጠላ መጀመር

ይሄ ፍላጎት ይገባኛል፤ ነጠላ ላይ የሚወጣ ጥልፍ ያምራል። ግን ነጠላ ሽመናው የሳሳ ስለሆነ ክሩን ትንሽ ጠበቅ ስታደርጉት ድሩና ማጉ ይሸሻል፣ ቀዳዳ ይከፍታል። በጀርባ በኩል ያለው ክርና ቋጠሮም ሁሉ ወደ ፊት ያሳያል። መጀመሪያ በአቡጀዲ ተለማመዱ፤ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቢበላሽም አያስቆጭም። ነጠላው ላይ ስትደርሱ ከጀርባ ስስ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ደርባችሁ ጥለፉና ሲያልቅ ትርፉን በጥንቃቄ ቁረጡት። ቲሸርትም ስለሚለጠጥ ያው ድጋፍ ይፈልጋል።

ስድስቱንም ክር እንዳለ መጠቀም

የጥልፍ ክር አንድ ቢመስልም ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው የሆኑበት ነው። ብዙ ጀማሪ ይሄን ስለማያውቅ ሁሉንም አንድ ላይ መርፌው ላይ ይሰካና ጥልፉ ወፍራምና ሻካራ ይሆንበታል። ለስስ ጨርቅ ሁለት ክር ይበቃል። ለትንንሽ ፊደልና ለፊት ቅርጽ አንድ፣ አበባ ለመሙላት ሁለት ወይም ሦስት። ስድስቱን የምትጠቀሙት ጨርቁ ወፍራም ከሆነና ጥልፉ ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ብቻ ነው።

አለያየቱ ላይ ነው ሰው የሚናደደው። ሁለቱን ወይም ሦስቱን አንድ ላይ ከሳባችሁ ይተበተባል። የክሩን ጫፍ በግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ያዙ፣ ጫፉን በተን አድርጉና አንዱን ብቻ በቀኝ እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ምዘዙ። የቀሩት አምስቱ ጣታችሁ ሥር ይጨማደዳሉ፣ የተቋጠሩ ይመስላሉ፤ አትደንግጡ። አንዱ ተመዝዞ እንደወጣ ጎተት ስታደርጓቸው ቀጥ ይላሉ። ሁለት ክር ከፈለጋችሁ አንድ በአንድ አውጥታችሁ መልሳችሁ ጎን ለጎን አስተኟቸው። እንዲህ የተለያየ ክር ጨርቁ ላይ ለጥ ብሎ ይተኛል፣ ሞልቶም ይታያል።

መርፌ ቶሎ ቶሎ ላለመሰካት ረጅም ክር መቁረጥ

ትክክለኛው ልክ ከጣታችሁ ጫፍ እስከ ክርናችሁ ነው፣ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ክሩ በእያንዳንዱ ስፌት ጨርቁን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ይፋተጋል። ረጅም ሲሆን መጨረሻ የሚደርሰው ክፍል ስንት ጊዜ ተፋትጎ፣ ጠጉር አውጥቶ፣ ማብረቅረቁ ጠፍቶ ነው። ወርቃማው ክር ደግሞ ቶሎ ስለሚላጥ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባያልፍ ጥሩ ነው። በመሃል ክሩ መጠማዘዝ ከጀመረ መርፌውን ልቀቁትና ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ራሱ እየተሽከረከረ ይፈታል።

ክሩን በቁንጥር መግዛት

ዲኤምሲ የሚባለው የፈረንሳይ ክር ለምሳሌ ወደ 500 ቀለም አለው፣ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር አለው፣ አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው። ቁጥሩ ያለበትን የጥቅሉን ወረቀት አትጣሉት፤ ክሩ ሲያልቅ ያንኑ ቀለም በቁጥሩ ትገዛላችሁ። ቁጥር የሌለው ክር ከገዛችሁ ደግሞ ለሥራው የሚበቃውን በአንዴ ውሰዱ፣ ምክንያቱም ፒያሳ የምታውቁት ሱቅ ስትመለሱ ያ አረንጓዴ አልቆ ወይ ትንሽ ደመቅ ያለው መጥቶ ይሆናል። ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ አይታይም፤ ቤት ስትደርሱ ቅጠሉ ግማሽና ግማሽ ሆኖ ይታያል።

ቀይ ክርን ሳይፈትኑ ማመን

እኛ አገር ጥልፉ ብዙውን ጊዜ ነጭ ላይ ነው፣ ቀይም እንወዳለን። ስለዚህ ይሄኛውን አደራ። ክሩን ከመጀመራችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጡና ጫን ጫን አድርጉት። ጨርቁ ወደ ሮዝ ካደላ ያ ክር ይለቃል ማለት ነው። ወይ ለጠቆረ ጨርቅ አስቀምጡት፣ ወይ ውሃው ጥርት እስኪል በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁና አድርቃችሁ እንደገና ፈትኑት። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ወይን ጠጅም እንዲሁ ይፈተኑ።

ከለቀቀ በኋላ የሚሠራው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል። ሰው ይደነግጥና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል ወይ ይተኩሰዋል፤ ሙቀቱ ቀለሙን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። በረኪና የሚጨምርም አለ፤ በረኪና የጥልፉን ቀለም ራሱን ይበላዋል። ጨርቁ ሳይደርቅ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ውሃውን እየቀያየራችሁ አለቅልቁት። ካልደረቀ ብዙ ጊዜ ተስፋ አለው።

በእስክርቢቶ መሳል

እስክርቢቶ ታጥቦ አይለቅም። ለደረሰኝ የሚሆነው ካርቦንም ነጭ ጨርቅ ላይ ቅባታም ጥቁር ይተዋል። ሥዕሉን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፉ፣ ጨርቁን ከላይ አድርጉና በቀን ብርሃን በሹል እርሳስ ሳሳ አድርጋችሁ ገልብጡት። ጨርቁ ጠቆር ያለ ከሆነ ልብስ ሰፊዎቻችን እንደሚያደርጉት አልቃ የሳሳች ደረቅ ሳሙና ተጠቀሙ፤ ስትታጠብ ትጠፋለች።

ሥራውን ፍሬም ላይ ወጥሮ ማሳደር

ስትጠልፉ ጨርቁ ፍሬሙ ላይ፣ ማለትም ጨርቁን የሚወጥረው ክብ ቀለበት ላይ፣ እንደ ከበሮ ይወጠር፣ ስትጨርሱ ግን አውጡት። ለሳምንታት የተቀመጠ ፍሬም ክብ ምልክት ይተዋል፣ አቧራም ጠርዙ ላይ ይሰበሰባል። መርፌውንም ጨርቁ ላይ ሰክታችሁ አትተዉት፤ በተለይ ክረምት ላይ ቤቱ ርጥበት ሲይዝ ይዝጋል። የዝገት ነጥብ በሳሙና አይለቅም፣ በረኪና ደግሞ ያባብሰዋል።

ጀርባውን ችላ ማለት

ጎረቤታችን እትዬ ለሠርጋቸው የጠለፉት የትራስ ልብስ አላቸው። ገልብጠው ሲያሳዩ ቋጠሮ የሚባል አይታይም። ክሩን ሲጀምሩ ጫፉን ትንሽ ይተዉና በሚቀጥሉት ስፌቶች ሥር ያስይዙታል፤ ሲጨርሱም መርፌውን ከጀርባ በተሰፉት ሥር አሳልፈው ይቆርጡታል። ቋጠሮ ትራስ ላይ ጉንጭ ይቆረቁራል፣ ሲተኮስም ከፊት ይጎብጣል። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው በጀርባ ዘላችሁ የምትሄዱ ከሆነም ተጠንቀቁ፤ ጥቁር ክር ነጭ ጨርቅ ሥር እንደ ጥላ ይታያል። ቁረጡና እንደ አዲስ ጀምሩ፣ ክሩ አይቆጫችሁ።

ፊቱን መተኮስ

ካውያ በጥልፉ ላይ አይሄድም፤ ይደፈጥጠዋል። ወፍራም ፎጣ አጥፉ፣ ጥልፉን በፊቱ ድፉት፣ ከጀርባ ተኩሱ። አበባው ፎጣው ውስጥ ገባ ስለሚል ሙላቱ አይጠፋም። ወርቃማ ክር ካለበት ሙቀቱን ቀንሱ።

ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ መስቀል

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንዲህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ቀለም የመብላት ኃይሉ የበረታ ነው። ፍሬም ውስጥ ያስገባችሁትን ጥልፍ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ እዚያ ጨረሩ በቀጥታ አያገኘውም።