በረራ ሲሰረዝ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ለማለት አትቸኩሉ

ባለፈው ጥር በበረዶ ምክንያት ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የምንመለስበት በረራ ተሰረዘ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስልካቸው ላይ የመጣውን «ገንዘብ ይመለስልኝ» የሚል ምርጫ ሊጫኑ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ በረራ፣ የየትኛውም አገር አየር መንገድ ይሁን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 261 ምርጫውን ለተሳፋሪው ይሰጣል፤ ወይ ገንዘቡ ይመለስለታል፣ ወይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ በረራ ይሳፈራል። ገንዘቡን ከተቀበላችሁ ግን የአየር መንገዶቹ አገር ቤት የማድረስ ግዴታ በዚያው ያበቃል፤ የዕለቱ ቲኬት ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ «በሌላ በረራ አሳፍሩኝ» በሉ። እስክትሳፈሩ ምግቡም፣ ማደር ካለ ሆቴሉም በእነሱ ወጪ ነው፤ ጥፋቱ የበረዶው ቢሆንም እንኳ። ዝም ካሏችሁ ጠይቁ፤ ራሳችሁ ከከፈላችሁም ደረሰኙን እንዳትጥሉ።

አዲሱን ቲኬት ከመቀበላችሁ በፊት «በየት በኩል ነው?» ማለትን አደራ! ለእኚያ እናት መጀመሪያ የተሰጣቸው በለንደን በኩል ነበር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ እዚያ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣም የመተላለፊያ ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። መልሰው ሰጡና በማግስቱ በቀጥታው በረራ ገቡ።