ጢስ ዓባይ፦ በድልድዩ ግቡ፣ በጀልባ ተመለሱ

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትኬቱ የሚቆረጠው ፏፏቴው ሥር ሳይሆን መንደሩ ውስጥ ነው፤ ሳይቆርጡ እንዳትወርዱ። ከአስጎብኚው ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ ስትመለሱ ዓባይን የሚያሻግራችሁ ጀልባ ይጨመር አይጨመር አብራችሁ ወስኑ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

መግቢያችሁ በዓላታ ድልድይ ይሁን፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት አጭር ነው፤ ግን ድንጋዩ በእግር ብዛት ለዝቧል፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ይደርብበታል። አብዛኛው ሰው የሚያዳልጠው ሲወርድ ነው። ሶሉ ያለቀ ጫማ አይሆንም፤ ከእረኞቹ ዱላ መለመን አያሳፍርም። ፏፏቴው ፊት ለፊት ሲደርሱ ጢሱ እንደ ካፊያ ያረጥባል፤ ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉ።

ዓባይ ሲሞላ ጀልባው ላይሠራ ይችላል፤ በመጣችሁበት ለመመለስ የሚበቃ ሰዓት ያዙ።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሂዱ። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ የምታዩት በአብዛኛው ጥቁሩን ገደል ነው።