ፕላቲነምን ከዲኤንኤ ናኖ ተንቀሳቃሽ ጋር ስናያይዝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፖል ሮተመንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ዲኤንኤ ኦሪጋሚን፣ ማለትም ረጅም የዲኤንኤ ክርን በአጫጭር ክሮች አጣጥፎ ቅርጽ የማውጣት ዘዴን፣ ካስተዋወቀ ወዲህ 100 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቅርጽ ማውጣት ብዙ ቤተ ሙከራ የሚችለው ሥራ ሆኗል። ፈተናው የሚመጣው ቅርጹን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ሲገጠም ነው። ሞተሩ የፕላቲነም ናኖ ቅንጣት፣ ነዳጁ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። ፕላቲነሙ ነዳጁን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለውጠዋል።

ራቁቱን ቅንጣት ማግኒዚየም ውስጥ መጨመር። አብዛኛው ሙከራ እዚህ ላይ ይከሽፋል። ኦሪጋሚው ሳይፈታ እንዲቆይ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊሞላር ገደማ ማግኒዚየም ይፈልጋል። በሲትሬት (የሲትሪክ አሲድ ጨው) የተሸፈኑ ቅንጣቶችን ግን ሳይጣበቁ የሚያቆያቸው አሉታዊ ቻርጃቸው ነው። ማግኒዚየሙ ይህን ቻርጅ ሲያዳክመው ወዲያው ይጓጉላሉ። በወርቅ ከሠራችሁ ቀዩ ፈሳሽ ወደ ወይንጠጅና ሰማያዊ ሲዞር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ፕላቲነም ግን ከመነሻው ጥቁር ቡናማ ስለሆነ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ የምታዩት ከታች የዘቀጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቅንጣቱን ጫፋቸው ላይ ታዮል (ከብረታ ብረት ጋር የሚጣበቅ የሰልፈር ቡድን) ባላቸው አጫጭር የዲኤንኤ ክሮች ሸፍኑት። ከዚያ ጨውን በጥቂት በጥቂቱ፣ በሰዓታት ውስጥ ጨምሩ። እዚህ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል።

ታዮሉን ሳይከፍቱ መጠቀም። ክሮቹ ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ሰልፈሩ በዳይሰልፋይድ፣ ማለትም ከሌላ ሰልፈር ጋር ተያይዞ፣ ተዘግቶ ነው። ይህን ትስስር በሚበጥሰው ኬሚካል በቲሴፕ (TCEP) ክፈቱት። ለዚሁ ሥራ ዲቲቲ (DTT) የተባለውን ከተጠቀማችሁ ደግሞ በደንብ አስወግዱት፤ እሱም ታዮል ስላለው የፕላቲነሙን ገጽ ይሻማል።

ትርፍ ክሮችን አለማጽዳት። ኦሪጋሚ ሲሠራ አጫጭሮቹ ክሮች የሚጨመሩት ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ቅንጣት እንዲይዙ የተዘጋጁት ካልታጠቡ ቅርጹ ላይ ሳይደርስ ቅንጣቱን ይወስዱታል።

ሽፋኑን አብዝቶ ሞተሩን ማፈን። ሰልፈር ፕላቲነምን ይመርዛል። በጣም የተሸፈነ ቅንጣት ጨውን ይችላል፣ ሥራ ግን አይሠራም። ከሽፋን በኋላ ፐሮክሳይድ ሲቀንስ በ240 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ብርሃን ለኩ። ካልቀነሰ ወደ ማያያዙ አትለፉ።

ቅንጣቶቹን በሁሉም ጎን መደርደርም ያው ነው፤ ግፊቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ነዳጁ ቅርጹን እንደሚጎዳ መርሳት። በፈሳሹ ውስጥ ትንሽ ብረት ወይም መዳብ ካለ ከፐሮክሳይድ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ ሌሎችን በኃይል የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጠራል፣ ዲኤንኤውንም ይቆርጠዋል። ፐሮክሳይድ ሰልፈሩን ኦክሳይድ በማድረግም ቅንጣቱን ሊያላቅቅ ይችላል። ስለዚህ ናሙናውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከነዳጅ በፊት ብቻ ሳይሆን በኋላም እዩት።

የውሃውን መወዛወዝ እንደ ጉዞ መቁጠር። በእኔ እምነት ከሁሉም አታላዩ ይህ ነው። 100 ናኖሜትር ስፋት ያለው ነገር ውሃ ውስጥ አቅጣጫውን ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይስታል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ጉዞ አትጠብቁ፤ የሚጠበቀው የስርጭት (በዘፈቀደ የመበታተን) ፍጥነት መጨመር ነው። እሱንም ቢሆን የኦክስጅን አረፋና የፈሳሽ ፍሰት ሊያስመስሉት ይችላሉ። ሁለት ማነጻጸሪያዎች የግድ ናቸው፦ ነዳጅ የሌለው ናሙና፣ እንዲሁም ነዳጅ ኖሮት ፕላቲነም የሌለው። ሦስተኛውን እኔ ሁልጊዜ እመክራለሁ፦ ፕላቲነም የሌላቸው ቅንጣቶች እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ይግቡ። እነሱም አብረው ከነጎዱ የሚጓዘው ፈሳሹ ነው።