የአያትን ድምፅ ሳይረፍድ መቅዳት

አያታችሁ በሕይወት ካሉ ድምፃቸውን አሁኑኑ ቅዱ። ፎቶ ከአንዱ ዘመድ ቤት አይጠፋም፤ ሳቃቸውና አነጋገራቸው ግን ካልተቀዳ የትም አይገኝም።

ፈቃዳቸውን ጠይቁና ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ መሀል ላይ የሚገባ ጥሪ ቅጂውን ሊያቋርጠው ይችላል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ስልኩን ከአፋቸው ከግማሽ ሜትር ሳታርቁ በታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ሲኒ በተነካ ቁጥር ኳኳታው ንግግሩን ይውጠዋል። የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቀድታችሁ አዳምጡ።

«ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» ማለት አያዋጣም፤ ጥያቄው በጣም ሰፊ ስለሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ያቆማሉ። «ልጅ ሳሉ የት ነበር የሚተኙት? አጠገብዎ ማን ይተኛ ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። የቆየ ፎቶ እጃቸው ላይ ማስያዝ ደግሞ ከየትኛውም ጥያቄ ይበልጣል። ዝም ሲሉ ቶሎ አትግቡባቸው፤ ትልቁ ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው። ከ40 ደቂቃ በላይ ግን አታድክሟቸው፣ ሌላ ቀን ቀጥሉ።

አያታችሁ አርፈው ከሆነ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የላኩላችሁን የድምፅ መልእክቶች ፈልጋችሁ ለየብቻ ፋይል አድርጋችሁ አውጧቸው። በተለይ የዋትስአፖቹ ስልክ ሲቀየር በቀላሉ ሊጠፉ ይችላሉ።

እያንዳንዱን ፋይል በስማቸው፣ በቀኑና በወሬው ርዕስ ሰይሙት። 3 ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።